በሽንኩርት መክተፊያዬ ላይ የተሠራው ሬድዮ

የልጅ ልጆቼ ከመደርደሪያው ላይ ባለቤቴ ሬድዮ የሠራበትን ጣውላ አውርደው ሲያገላብጡት ቆዩና አንደኛዋ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። «አያቴ፣ ይሄ ነገር ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል እኮ!» አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ አሸተቱት። ከዚያ ወዲያ ማን ይልቀቀኝ። አያታችን እንዴት እንደሠራው ንገሪን፣ ከማን ጋር ያወራበት እንደነበር ንገሪን ብለው ያዙኝ። ነገርኳቸው። ታዲያ እኔ አንዱን ጀምሬ ሌላው ውስጥ ስገባ፣ እነሱ እየሳቁ «አያቴ፣ ወደ ሬድዮው ተመለሺ» እያሉ አላስወራ አሉኝ። በጽሑፍ ማንም አያቋርጠኝም ብዬ ነው አሁን ብዕር ያነሳሁት። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ ራሱ ባለቤቴ ነውና ስለ እሱ ብጽፍበት አይከፋም።

ባለቤቴ የመንግሥት ሬድዮ ኦፕሬተር ነበር። ስልክ ባልገባባቸው ወረዳዎች እየተመደበ መልእክት የሚያስተላልፈው በሞርስ ነው። ሞርስ ማለት ጣት የሚናገርበት ቋንቋ ነው። አንዲት ትንሽ መምቻ አለች፤ አጭር ስትመታት «ቲት»፣ ረዘም አድርገህ ስትጫናት «ታ» ትላለች። ቲትና ታው ተቀጣጥሎ ፊደል ይሆናል፣ ፊደሉ ቃል ይሆናል፣ ቃሉ አገር ያቋርጣል። እሱ ይሄን ሲመታ የሰማ ሰው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው።

በአፉም ቢሆን አይታማም ነበር። ወሬ ሲወድ! ድሮ ከአዲስ አበባ ወደተመደበበት ወደ ሰሜን ስንሄድ አውቶቡሱ ጀውሃ ላይ ለምሳ ይቆማል። ሰው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሲሳፈር የኔው ሰውዬ የለም። ከአንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ስለ ጎማ ይሁን ስለ አሰብ መንገድ ይዞ ቆሟል። ሹፌራችን ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ በመስኮት «አንተ ለፍላፊ፣ ጥለንህ መሄዳችን ነው!» እላለሁ፣ እሱ እጁን ያወዛውዝልኛል፤ አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች ማለቱ ነው። ያቺ አንዲት ነገር መቼም አታልቅም።

ጡረታ ሲወጣ ሸዋ ሮቢት ዳር፣ አሁን ያለሁበት ቤት ገባን። ከፊት ሽንኩርት፣ ከጓሮ ማሽላ እናበቅላለን። ሙቀቱን ለምደነው፣ እሱም የሚያወራው ሰው አግኝቶ፣ ደህና ተቀምጠን ሳለ ደም ግፊት ጣለው። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲመለስ ቀኝ እጁ ሰንፋለች፣ ምላሱም ተሳስሯል። አእምሮው ግን እንደ ድሮው ነው። ሁሉን ያስባል፣ ሁሉን ያስታውሳል፤ ቃሉ ብቻ ከአፉ ሲወጣ እንደ ረጠበ ልብስ ይከብዳል።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግን መጠበቅ አይችልም። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ ጆሮው የደነቆረ ይመስል ጮኾ ያናግረዋል። መልሱን ሳይሰማ ወደ እኔ ዞሮ «እንዴት ነው? ይሻለዋል?» ይላል። እሱ እዚያው ተቀምጦ! ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጃችን ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች። ስለምትወደው ነው የምትቸኩለው። እሱ «ው... ው...» ሲል «ውሃ! ውሃ አምጡለት!» ትላለች። ውጭ መቀመጥ ፈልጎ ነው እኮ። እሱም ላለመጨቃጨቅ ያላሰኘውን ውሃ ይጠጣል። አንዳንድ ቀን በውሃ ብቻ ሆዱ ይነፋል።

እያደር መናገሩን ተወው። በራሱ ይነቀንቃል፣ በቃ። ያ ሰውዬ ዝም ሲል ቤቱ ምን እንደመሰለ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኔ ጥጥ እየፈተልኩ፣ እሱ ግድግዳ እያየ ይመሻል።

ሬድዮው የተጀመረው በቆራሌ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ልጅ «ቆራሌው!» እያለ በበራችን ሲያልፍ፣ ከጀርባው የተሸከመውን ባለቤቴ አየና ብድግ አለ። ሆዱ የተዘረገፈ ትልቅ የጥንት ሬድዮ ነበር። ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘው። ቆራሌው ሳቀና «አባባ፣ ይሄ ሞቷል እኮ» አለው። እሱ ግን ሞቷል ቢባልም አልለቀቀውም፤ ገዛሁለት። ከዚያ ከአልጋ ሥር የሥራ ዘመኑን ሳጥን ጎተተ። ውስጡ መምቻው አለች፣ በጥጥ የተጠቀለሉ ቫልቮችም አሉ። ቫልቭ የመስታወት ነገር ነው፣ አምፖል ይመስላል። ሲግል ውስጡ እንደ ፍም ይቀላል። የዛሬ ሬድዮ ሆድ ውስጥ ያቺ የጤፍ ፍሬ የምታህለው ነገር የምትሠራውን ሥራ፣ በዚያ ዘመን የሚሠራው ይሄ ነበር።

ልጃችን ማታ ከሥራ መጥታ ወለሉን ሞልቶ ያለውን ሽቦ አየች።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላ... ወ... ራ።»

«በዚህ? ስልክ ገዝቼልህ የለ? በስልክ መጻፍ ትችላለህ እኮ!»

እጁን አነሳና ቆይ አላት። ከዚያ ላቡ እስኪመጣ ታግሎ እንዲህ አለ፦ ጽሑፍ ሰው ሲመቸው ነው የሚያየው፤ ይሄ ግን ፊት ለፊት ነው፤ እኔ ስመታ ያኛው ይጠብቀኛል። በመሀል ሦስቴ ልትጨርስለት ሞከረች፣ ሦስቴም ተሳሳተች። ሲበቃት «ኤሌክትሪኩ ይገድለዋል፣ እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምታሞላቅቂው» ብላ እኔ ላይ ዞረች። ሆኖም ፈቃዱን ያወጣችለት እሷ ናት። በአየር ላይ ያለ ፈቃድ ማውራት አይቻልምና አዲስ አበባ እየተመላለሰች ደጅ ጠናች። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ እኛ መሥራት ያዝን።

እኛ አልኩ አይደል? አዎ፣ እኛ። እሱ የምትሠራለት ግራ እጁ ብቻ ናት። ጉዳዩ የተጀመረው መክተፊያዬን በመስረቅ ነው። ሽንኩርት ልከትፍ ብፈልግ የለም። ገብቼ ባይ ቫልቮቹን ደርድሮበት ይለካል።

«አንተ! መክተፊያዬን!»

በጣቱ እንጨቱን ኳ ኳ አደረገና አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ፤ ደህና እንጨት ነው ማለቱ ነው። ድሮም ቤት ውስጥ ሬድዮ የሚሠሩ ሰዎች ከሚስቶቻቸው ወጥ ቤት ጣውላ እየወሰዱ ነበር የሚሠሩት አለኝ፣ በዚያ በሚታገለው አፉ። ወንድ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ሽንኩርቴን ሰሃን ላይ መክተፍ ጀመርኩ።

የመዳብ ሽቦ ቧንቧ ላይ የሚጠመጠምበት ሥራ አለው። ጥምጥሙ እኩል ካልሆነ አይሠራም አለ። በግራ እጁ ቢሞክር አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይደራረባል። ተቀበልኩት። እናቴ አሊዩ አምባ ገበያ ፈትል የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቀጭኑን ከወፍራሙ ሳላደባልቅ እንድፈትል ያስተማረችኝ በኩርኩም ነው። አሁን ድረስ ክር ሲወፍርብኝ አናቴን ይበላኛል። ሽቦውን እንደ ፈትል ወጠር፣ ቀስ እያደረግሁ ጠመጠምኩት። እሱ ቧንቧውን ያሽከረክራል፣ እኔ ሽቦውን እለቃለሁ። ሳንነጋገር ስንሠራ ዋልን፤ ዝምታው ግን የበፊቱ ዓይነት አልነበረም። ሲበይድ ደግሞ እሾህ በማወጣበት ወረንጦ የሽቦዋን ጫፍ እይዝለታለሁ። «ሳል እንዳትይ» በሚል ዓይን ያየኛል። ሊያስለኝ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ አልቀለደም። ቫልቮቹ የሚጠጡት ከግድግዳው ከሚመጣው የባሰ ብርቱ ነው። ልጆች በሩን እንዳያልፉ ከለከለ። ሲሠራም አንድ እጁን ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋል፤ ወጣት ሳለሁ የተማርኩት ሕግ ነው አለኝ። የታመመችውን እጁን በደህናይቱ አንስቶ ኪሱ ውስጥ ሲያስገባት፣ «አሁን ጥሩ ተማሪ ሆናለች» አለ። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፈቃዱ መጣ። ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ሽንኩርት ለመልቀም የመጡ ጎረምሶች ረጅሙን የአየር ሽቦ ከቤቱ ጣሪያ እስከ ጓሮው ማንጎ ድረስ፣ ከማሽላው በላይ ወጥረው አሰሩልን። ማሽላው እያሸተ ነበር። ባለቤቴ ቁልፉን አበራ፣ ቫልቮቹ ቀሉ፣ ጣውላው ሞቀ፣ ቤቱንም የሽንኩርት ሽታ ሞላው። መምቻዋን ጫን ሲል፣ ወሬው ወደ አየር ሽቦው መውጣቱን እንድታሳይ ያሰራት የባትሪ አምፖል ቦግ አለች። ፊቱ አብሯት ቦግ አለ።

«ማን አለ? ማን አለ?» ብሎ መታ። አስተርጉሜው ነው እንጂ እነሱ የራሳቸው አጠራር አላቸው። መታና ማዳመጫውን አድርጎ ጠበቀ። የሚመልስ የለም። በማግስቱ መታ። የለም። ሌሎች እርስ በርስ ሲያወሩ ከቆራሌው ሬድዮ በሠራው መቀበያ ይሰማል፣ እሱን ግን የሚሰማው የለም። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ያቺ አምፖልም አሁን ደመቅ፣ አሁን ፈዘዝ ትላለች፤ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ትደንሳለች። ብየዳው ነው ብሎ ፈታው፣ እንደገና በየደው። እኔም ጥምጥሙን ፈትቼ ደግሜ ጠመጠምኩ። አሁንም ያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማዳመጫውን አወለቀ። ጣውላውን በነጠላዬ ሸፈነው። አየኝና «ረ... ሳሁት» አለ። ምላሱን ብቻ ሳይሆን ይሄንንም በሽታው ወስዶብኛል ማለቱ ነው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማሽላው መሀል ገብቼ ዝም ብዬ ስሄድ ከአናቴ በላይ ኳኳታ ሰማሁ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ኳ፣ ኳ፣ ሽው። ከጎረቤት ማሳ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ቀና ስል ምን ልይ? የባለቤቴ የአየር ሽቦ ላይ ከዳር እስከ ዳር የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተንጠልጥሎበታል! በሽቦ በሽቦ እየታሰረ። በመሀል በመሀሉ የድሮ ካሴት ክር ይብለጨለጫል።

የሸዋ ሮቢትን ቆላ የማያውቅ ሰው ይሄን ላይረዳው ይችላል። ማሽላ ሲያሽት ግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል። ሰው ማማ ላይ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ፣ ወንጭፍ እያስጮኸ ያባርረዋል። መጮህ የሰለቸው ሽቦ ወጥሮ ጣሳ ይሰቅላል።

ጎረቤቴን ጠራኋት። ማሳችን ጎን ለጎን ነው፤ የወለደች ልጇን ልታርስ ካራቆሬ ሄዳ ከተመለሰች ገና ነው። ከማማዋ ላይ ብቅ አለች።

«ይሄን ጣሳ ማን ሰቀለው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ! አላማረም?»

«አንቺ? በምን ወጣሽ?»

«በመሰላል ነዋ! ስመለስ ሽቦው ተወጥሮ ባዶውን አየሁት። ጋሼ መጮህ አይችሉ፣ ሽቦ አስወጥረው ጣሳ የሚሰቅልላቸው አጡ ብዬ አንጀቴን በላኝ። ሳይነግሩኝ ላድርግላቸው አልኩ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ግሪሳ ዝር አላለም!»

እውነቷን ነው፤ ማሽላችን እንደዚያ ዓመት ፍሬው ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የወፍ አይደለም።»

«ታዲያ የምንድነው?»

«የማውሪያ ነው። ጋሼ ሊያወራበት ነው።»

«በሽቦ? ከማን ጋር?»

«እኛም እሱን ነው የምንጠብቀው» አልኳት።

ጣሳው ወሬውን እንደያዘበት ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! የሰውዬውን አፍ ዳግመኛ የዘጋሁት እኔ ነኝ?» አለችና ከማማው ተንደርድራ ወረደች። መሰላሏን አመጣች። እኔ መሰላሉን ይዤ፣ እሷ ጣሳ እየፈታች እየወረወረች፣ አንዱን አናቴ ላይ ጥላብኝ ሁለታችንም እየሳቅን ጨረስን። ከላይ ሆና ማሽላውን አየችና «በሉ፣ ለወፉ እኔ እጮህላቸዋለሁ። እሳቸው ወሬያቸውን ያውሩ» አለች። ያን ዓመት መከሩ እስኪሰበሰብ ድረስ ከማማዋ ላይ ለሁለት ማሳ ጮኸችልን። ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ።

አንድ ጣሳ ይዘን ገባን። ባለቤቴ ግድግዳውን እያየ ነው። ጣሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና የት እንዳገኘሁት ነገርኩት። ጣሳውን አየ፣ ጎረቤቴን አየ። እሷ በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ለወፍ መስሎኝ ነው» ትላለች። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደንግጬ ጠጋ ስል እየሳቀ ነው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አልረሳም እኮ! ያጠፋው ጣሳው ነው፣ እሱ አላጠፋም።

ወንበሩን አዞረ፣ ነጠላዬን ገፈፈ፣ ታማሚ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቫልቮቹ ቀሉ። አምፖሏ ቦግ ብላ ቀጥ አለች፣ አልደነሰችም። መታ። ጠበቀ። ጎረቤቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች፣ እኔም በልቤ እመቤቴን እጠራለሁ። ሁለተኛ መታ።

ከማዳመጫው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ቲት ታ፣ ታ ቲት። እኔ ምኑንም አላውቀውም፤ የባለቤቴን ፊት ግን አውቃለሁ። እጁን አንስቶ ዝም በሉ አለን፣ እኛ መቼ ተናግረን። ከዚያ ያቺ ግራ እጅ ጀመረች። መጀመሪያ ዘገም አለች፣ ቆይታ ፈጠነች፣ ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ።

ልጃችን ከነነጭ የሥራ ጋውኗ ስትገባ እሱ ብቻውን ይስቃል። «ምን ሆነ?» አለች። ማዳመጫውን አወለቀና ሊነግረን አፉን ከፈተ። አስቸጋሪ ነበር። «መ... መክ...» አለ። ልጄ «መክሰስ!» ልትል ስትል ክንዷን ያዝኳት። አየችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ጠበቀችው። ሙሉውን ጠበቀችው። ከባሕር ማዶ ያለ ሰው መሣሪያህ ምን ላይ ነው የተሠራው አለኝ፣ የሚስቴ የሽንኩርት መክተፊያ ላይ ነው አልኩት፣ እሷ ታዲያ አሁን ምን ላይ ትከትፋለች አለኝ፣ አለ። ይሄን ለመጨረስ ያጠፋው ጊዜ ወጥ ያበስላል። ልጄ ግን ሲጨርስ ነው የሳቀችው፣ በቦታው። ከዚያም ቀስ ብላ «ሌላስ ምን አለህ፣ አባዬ?» ብላ ጠየቀችው።

ከዚያ ወዲያ መብራት ባለበት ቀን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይቀመጥ ነበር። በአፉ ያው ነው፤ ምላሱ አልተፈታም። ቤት ውስጥ ግን የሚጠብቀው ሰው ስላገኘ ትንሽ ትንሽ ይናገር ጀመር። ሳይጠማው የሚጠጣው ውሃም ቀረ። በሬድዮው ምን እንደሚል እኔ አላውቅም። እሱ ሲመታ እኔ እፈትላለሁ፣ በቃ። አንዳንዴ «ምን አላችሁ?» ስለው «ወሬ» ይለኛል። እንደዚያ ሆኖ ጥቂት ዓመት ኖረ፣ እንደዚያ ሆኖ በሰላም አረፈ።

ተዝካሩ ወጥቶ፣ ብዙ ዘመን አልፎ፣ ወደ ደሴ የሚሄድ አንድ የአዲስ አበባ ጎልማሳ መንገደኛ ቤታችንን እየጠየቀ መጣ። በሬድዮ ነው የማውቃቸው፣ ድምፃቸው ሲጠፋብን አርፈው ይሆናል ብለን ነበር፣ መርዶውን አሁን ሰማሁ አለኝ። አስገብቼ ቡና አፈላሁለት። ጣውላውን አሳየሁት፤ እሱም ሳላስበው አሸተተውና ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «አንደበታቸው ምን ዓይነት ነበር? እኛ ጣታቸውን ነው የምናውቀው።»

ስለ ምላሱ ነገርኩት። መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ። ደግሜ ስነግረው ስኒውን አስቀመጠ።

«አልነገሩንም» አለ። «ለማንም አልነገሩም። እኛ ከዚህ እስከ ኬንያ፣ እስከ ጣሊያን ድረስ አብረናቸው የምናወራ ሰዎች ያወጣንላቸው ስም ነበር። አይቆጡኝም?»

«አልቆጣም።»

«ለፍላፊው ነበር የምንላቸው። አንዴ ከጀመሩ ለማንም ተራ አይለቁም። እንሰናበት ስንላቸው፣ አንዲት ነገር ብቻ ቀርታኛለች ይሉናል።»